«ጋዙን በእርግጥ ዘግቼዋለሁ?»

የጠያቂው ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ አማካሪ። በምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። በሥራዬ ተነቅፌ አላውቅም፤ እንዲያውም አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ዋናው ሼፍ «ጥንቃቄ ምን እንደሆነ ከእሱ ተማር» እያሉ ወደ እኔ ይልኩታል። ይህን የምጽፍልዎ ግን ሰው የሚያመሰግነኝ ጥንቃቄ እኔን ራሴን መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጣኝ ነው።

የማታ ፈረቃ ሲያበቃ ምድጃዎቹን አጥፍቼ ዋናውን የጋዝ መዝጊያ የምዘጋው እኔ ነኝ። ዘግቼ፣ ልብሴን ቀይሬ በሩ ጋ ስደርስ «በእርግጥ ዘግተኸዋል?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ተመልሼ እነካዋለሁ፤ እወጣለሁ፤ እንደገና እመለሳለሁ። እንዲህ ስመላለስ ባልደረቦቼ ሁሉ ሄደው መብራቱን የማጠፋው ብቻዬን ነው። መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ መዝጊያውን በስልኬ ፎቶ ማንሣት ጀመርኩ፤ አሁን ደግሞ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ፎቶውን እያጎላሁ «ይህ የዛሬው ነው ወይስ የትናንቱ? ካነሣሁት በኋላስ እጄ ነክቶት ቢሆን?» እላለሁ። ከዚያ ባለቤቴን እቀሰቅሳታለሁ። «ዘግተሃል፣ ተኛ» ስትለኝ ለጥቂት ደቂቃ ይቀልለኛል፤ ወዲያው ይመለሳል። ሌሊት ተነሥቼ ወደ ሥራ ቦታዬ የተመለስኩባቸውና የጥበቃ ሠራተኛውን ከእንቅልፉ የቀሰቀስኩባቸው ቀናትም አሉ። አንድም ቀን ክፍት ሆኖ አላገኘሁትም።

እጄም ሌላ ጣጣ ሆኖብኛል። ጥሬ ዶሮ ከነካሁ «አሁን ጠራ» የሚል ስሜት እስኪመጣልኝ ድረስ እታጠባለሁ፤ ስሜቱ ካልመጣ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። የጣቶቼ መገጣጠሚያዎች ተሰነጣጥቀው ጨው ሲነካቸው ያንገበግቡኛል። በማቀዝቀዣው ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ተለጣፊ ወረቀታቸው ሁሉ ወደ ፊት ካልዞረ ሥራ መጀመር አልችልም። ሳህን ከመውጣቱ በፊት ጠርዙን ደጋግሜ ስለምወለውል ትዕዛዝ ይከማቻል፤ አስተናጋጆቹም «ምግቡ ቀዘቀዘ» እያሉ ያጉረመርማሉ።

ደብዳቤ እንድጽፍ የገፋፋኝ ግን በቅርቡ የሆነ ነገር ነው። አንድ ጀማሪ ረዳት የከተፈውን ሙሉ ትሪ ካሮት «እኩል አይደለም» ብዬ ዐይኑ እያየ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ደፋሁት። ልጁ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሌላ ካሮት መላጥ ጀመረ፤ ቢላውን የያዘው እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያው ሳምንት ዋናው ሼፍ ምክትላቸው እንድሆን ጠየቁኝ። ባለቤቴ «መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ትላለች። እኔ ግን ይህ ጠባይ ከለቀቀኝ ጎበዝነቴም አብሮ ይሄዳል ብዬ እፈራለሁ። በሽታ ነው ወይስ ሥራዬን ማክበሬ? ሹመቱንስ ልቀበል?

ማብቂያ ያጣሁት

የአማካሪው መልስ

ውድ ጠያቂዬ፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት «አንድም ቀን ክፍት ሆኖ አላገኘሁትም» ያሉትን ነው። ይህን የጻፈው እጅ እውነቱን ያውቃል። ሆኖም ያው ሰው ሌሊት ተነሥቶ ጫማውን ያጠልቃል፤ ምክንያቱም ማወቁ ልቡን አላሳረፈለትም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በምጽፍልዎ ላይ ጋዙ መዘጋቱን አላረጋግጥልዎትም፤ ለምን እንደማላደርገው ወደ በኋላ ግልጽ ይሆንልዎታል ብዬ አስባለሁ።

በመጀመሪያ በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ላይ የተጠቀለሉትን ነገሮች መለየት ይጠቅመናል። ካሮቱን እኩል መክተፍ የሙያው ሕግ ነው፤ ቁርጥራጮቹ ካልተመጣጠኑ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥሬ ይቀራል። ከጥሬ ዶሮ በኋላ እጅን መታጠብም ግዴታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣቸው አምስት የምግብ ደኅንነት ቁልፎች ውስጥ ንጽሕናን መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ በደንብ ማብሰልና ምግብን በተገቢው ሙቀት ማቆየት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። እነዚህ መመሪያዎች የተደነገጉት በጥንቃቄ ቢሆንም፣ ልብ ብለው ካዩአቸው እያንዳንዳቸው የሚያበቁበት ቦታ አላቸው። ምግቡ ውስጡ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ደርሷል። በ5 እና በ60 ዲግሪ መካከል እንዳይቆይ ከተደረገ ተደርጓል። እጅ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ፣ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር ጭምር ከታሸ ታጥቧል። ሳሙናና ውኃ የሚሠሩት በጊዜና በማሸት ነው፤ የሰውየውን ስሜት አይጠብቁም። እርስዎን የያዘዎት ችግር በዚህ ላይ ነው፤ የመታጠቡን ማብቂያ ከሰዓቱ ወስደው «አሁን ጠራ» ለሚል፣ ሲፈልግ ለሚመጣና ሲፈልግ ለሚቀር ስሜት ሰጥተውታል።

ብዙ ኩሽናዎች የሚከተሉት፣ ሐሳፕ የሚባለው የምግብ ደኅንነት አሠራር እንኳን የተነሣው ከዚህ መንፈስ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፒልስበሪ የተባለው የምግብ ኩባንያ ከናሳ ጋር ለጠፈርተኞች ምግብ ሲያዘጋጅ፣ ሁሉንም ነገር ያለ መጨረሻ መመርመር እንደማይቻል ግልጽ ነበር። ስለዚህ አደጋ የሚፈጠርባቸው ወሳኝ ቦታዎች ተለዩ፣ ለእያንዳንዱ በቁጥር የሚለካ ወሰን ተደረገለት፣ ተለካ፣ ተመዘገበ፣ ወደሚቀጥለው ሥራ ታለፈ። ጠፈር ላይ ያለ ሰው በምግብ መመረዝ ቢታመም ምን እንደሚከተል ያስቡት፤ ያን ያህል የሚያስፈራ ሥራ የሠሩት ሰዎች የመረጡት መንገድ አንድ ጊዜ በትክክል ለክቶ መዝግቦ ማለፍን ነው።

ስለ እጅዎ ሳልጠቅስ የማላልፈው ነገር አለ። ከልክ ያለፈ መታጠብ የቆዳን መከላከያ ቅባት ያጥባል፤ የተሰነጣጠቀ ቆዳ ደግሞ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ለተባለው ባክቴሪያ ምቹ መኖሪያ ይሆናል። ይህ ባክቴሪያ በምግብ ውስጥ የሚያመነጨው መርዝ በማብሰል በቀላሉ የማይጠፋ በመሆኑ፣ እንግዳ እንዳይታመም ብለው የሚያደርጉት ነገር እጅዎን ከተለመደው የባሰ አደገኛ ሊያደርገው ይችላል። ይህን የምነግርዎ ሌላ የሚፈሩት ነገር ልጨምርልዎ ብዬ አይደለም። በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ያማክሩ፣ ከፈረቃ በኋላና ከመኝታ በፊት እጅዎን ቅባት ይቀቡ፣ የተሰነጠቀውንም ውኃ በማያስገባ ፕላስተርና በጓንት ሸፍነው ይሥሩ።

አሁን ወደ ጋዙ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2003 በኔዘርላንድስ ማርሴል ቫን ደን ሃውትና ሜሬል ኪንት የተባሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን በኮምፒዩተር ላይ የተሣለ የጋዝ ምድጃ እየከፈቱና እየዘጉ ደጋግመው እንዲያረጋግጡ አድርገዋቸው ነበር። ሰዎቹ የትኛውን መክፈቻ እንደነኩ በትክክል ማስታወሳቸው ብዙም አልቀነሰም። የቀነሰው ትዝታቸው በዐይነ ሕሊናቸው የሚታየው ጥራትና በራሳቸው ትዝታ ላይ ያላቸው እምነት ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ አንድ ጊዜ የተደረገ ድርጊት የራሱ መልክ አለው፣ ደጋግመው ያደረጉት ግን ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል። እርስዎ ፎቶውን ሲያዩ «የዛሬው ነው ወይስ የትናንቱ?» የሚሉት ለዚህ ነው። በስልክዎ ውስጥ ስንት የሚመሳሰሉ የመዝጊያ ፎቶዎች እንዳሉ ልጠይቅዎ? ማረጋገጫው በበዛ ቁጥር ጥርጣሬው የሚገባበት ቀዳዳም ይበዛል። እከክ ያለበት ሰው ሲያኩት ይቀልለዋል፣ ባከኩት መጠን ግን ይቆስላል፤ የእርስዎም መመላለስ እንዲሁ ነው።

«በሽታ ነው ወይ?» ብለዋል። በደብዳቤ ሰውን መርምሮ ስም መስጠት አይቻልም፤ ነገር ግን የገለጹት ነገር ባለሙያዎች ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ ባጭሩ ኦሲዲ፣ ከሚሉት ጋር በብዙ ይመሳሰላል። ሰው ሳይፈልገው ተመልሶ የሚመጣ አስጨናቂ ሐሳብ፣ ያንንም ለማስታገስ ሳይወድ በግድ የሚደጋገም ድርጊት ማለት ነው። ሐኪሞች ከሚያዩአቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነገር በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ መውሰዱ ወይም ሥራንና ኑሮን ማወኩ ነው። እስቲ ለራስዎ ብቻ ይገምቱት፦ በበሩና በመዝጊያው መካከል፣ በእጅ መታጠቢያው ፊት፣ በአልጋዎ ውስጥ ከስልኩ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ቢደመር ምን ያህል ይሆናል? በሕይወት ዘመናቸው ከመቶ ሰዎች ሁለት ወይም ሦስት የሚሆኑት ይህ ችግር ያገኛቸዋል፤ ስለዚህ የሐኪሙ በር ላይ የመጀመሪያው ሰው አይሆኑም። የሥራ ባልደረቦችዎ መካከልም ይህንኑ ደብቆ የሚኖር ሊኖር ይችላል፣ ኩሽና ለመደበቅ እጅግ የሚመች ቦታ ነውና። በሌላ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛውን ሃያ ጊዜ የሚወለውል ሰው «ምን ሆነሃል?» ይባላል፤ በኩሽና ግን ይመሰገናል።

ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ ይሂዱ። ለዚህ ችግር ፍቱንነቱ በሚገባ የተረጋገጠ የንግግር ሕክምና አለ። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክተር ማየር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በሠሩት ሥራ ላይ የተጣለ ነው። ሰውየው የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይጋፈጣል፤ የለመደውን የማስታገሻ ድርጊት ግን እንዲያደርግ አይፈቀድለትም። መጀመሪያ ጭንቀቱ ይወጣል፣ ከዚያም ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ ባይወርድ እንኳ ሰውየው ጭንቀቱን ይዞ መኖር እንደሚችል ያያል። ሐኪምዎ እንደ ፍሉክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችን ሊያዝዙልዎም ይችላሉ፤ እነዚህ ለዚህ ሕመም ሙሉ ጥቅማቸው እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስዱ ስለሚችሉ ቶሎ ተስፋ ቆርጠው እንዳያቋርጧቸው።

ቀጠሮው እስኪደርስ ባዶ እጅዎን አይቀመጡ። ይሁን እንጂ ጀማሪ እንደመሆንዎ በጋዙ አይጀምሩ፤ እሱ ከሁሉ የከበደዎ ነውና ከባለሙያው ጋር ይሁን። በተለጣፊ ወረቀቶቹ ይጀምሩ። አንድ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ሲከፍቱ አንዱ ዕቃ ዞሮ ካዩት፣ ቀኑ የሚነበብ እስከሆነ ድረስ እንደዞረ ትተውት ሥራዎን ይጀምሩ። ደረትዎ ይጨንቃል፤ ይጭነቅ። ከዚያ ወደ ሳህኑ ይለፉ፤ ጠርዙን አንድ ጊዜ፣ በንጹሕ ጨርቅ፣ ሙሉውን ዙር ጠርገው ይልቀቁት፤ ጨርቁንም ወዲያው ከእጅዎ ያስቀምጡ፣ በእጅዎ ካለ ይመለሳሉና። እጅዎን በሰዓት ይታጠቡ፤ 20 ሰከንዱ ሲያልቅ ቧንቧው ይዘጋል፣ ስሜቱ መጣም ቀረም።

የጋዙ ተራ ሲደርስ ግን እንዲህ ያለ መንገድ ከባለሙያዎ ጋር ሊነድፉ ይችላሉ። መዝጊያውን ሳይቸኩሉ፣ ዐይንዎ እጅዎ ላይ ሆኖ፣ አንድ ጊዜ ይዘጉታል፤ በመዝጊያ ቅጹ ላይ ሰዓቱን ጽፈው ይፈርማሉ፤ ይወጣሉ። ቅጹ ለመሥሪያ ቤቱ የሚቀር መዝገብ ነው፤ ቤት ሆነው የሚያነቡት ሌላ ማስታገሻ እንዲሆን አይፍቀዱለት። ፎቶው ደግሞ ፈጽሞ ይቅር፤ ያሉትንም ይሰርዟቸው። በነገራችን ላይ፣ መዝጊያውን ሌላ ሰው እንዲዘጋልዎ ለዘለቄታው ማስተላለፍ ቀላሉ መፍትሔ ሊመስልዎ ይችላል፤ እኔ አልመክርዎትም፤ ሽሽቱ ፍርሃቱን ያፋፋዋልና። ተራ ገብቶ መዝጋት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በማንኛውም ኩሽና ሊኖር የሚገባ አሠራር ነው።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ «ዘግተሃል፣ ተኛ» የሚሉት ከፍቅር ነው፤ የቃሉ ሥራ ግን ከፎቶው አይለይም። ለዚህ ነው እኔም በመግቢያዬ ላልነግርዎ የወሰንኩት። በእንቅልፍ ሰዓት ሳይሆን ሁለታችሁም በተረጋጋችሁበት ጊዜ ተቀምጣችሁ ብትስማሙ መልካም ነው። ለምሳሌ ሲጠይቋቸው «እንደምትጨነቅ አያለሁ፣ አብሬህ አለሁ፤ ይህን ጥያቄ ግን እንደተስማማነው አልመልስም» እንዲሉዎ ይፍቀዱላቸው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንደ ጭካኔ ሊሰማዎ ይችላልና አስቀድመው ይህን ይነጋገሩበት።

የልጁ ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ ልቆጣዎ ይፍቀዱልኝ። ጋዙና እጅዎ የሚያሠቃዩት እርስዎን ነው፤ ካሮቱ የወደቀው በሌላ ሰው ላይ ነው። ፖል ሂዊትና ጎርደን ፍሌት የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1991 ፍጹምነትን መሻት ከራስ የሚጠበቅ፣ ከሌሎች የሚጠበቅና ሌሎች ከእኔ ይጠብቃሉ ተብሎ የሚታሰብ በሚል በሦስት ከፍለው አይተውት ነበር፤ በእርስዎ ዘንድ ሁለተኛውም እየተጨመረ ይመስለኛል። ትሪውን ሲደፉ የተሰማዎ ምን ነበር፣ ንዴት ወይስ ፍርሃት? ፍርሃት ከነበረ ልጁ ያንን አላየም፤ ያየው የጠዋት ሙሉ ድካሙ ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ነው። ሰው በሌለበት ይጥሩትና «ካሮቱ መስተካከል ነበረበት፤ እኔ ግን ያን ማድረግ አልነበረብኝም፤ ይቅርታ» ይበሉት። ከዚያ አብረው አንድ ናሙና ይክተፉ፤ ከዚህ ያላነሰ፣ ከዚያ ያልበለጠ የሚል ሁለት ቁርጥራጭ በመክተፊያው ጥግ ይቀመጥለት። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ያልፋል፣ እርስዎ ቢያምርዎም ባያምርዎም። ከዚያ የወጣው ለሾርባ ይሆናል እንጂ አይደፋም።

«ጎበዝነቴ አብሮ ይሄዳል» የሚለውን ፍርሃትዎን አልናቅሁትም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ይመርምሩ፦ ዋናው ሼፍ ያመሰገኑት የትኛውን ነው? ጣዕሙን በምላስዎ የሚለዩትን፣ ትኩስ ምድጃ ፊት የማይደናገጡትን፣ ለጀማሪ የሚያሳዩትን ሰው ነው ወይስ በር ላይ ሲመላለስ የሚያመሸውን? ሁለተኛውን አብዛኛው ባልደረባዎ አያየውም። ትዕዛዝ የሚከማቸውና ምግብ የሚቀዘቅዘው ደግሞ በእርሱ ምክንያት ነው፤ አስተናጋጆቹ ነግረውዎታል።

ሹመቱን በሚመለከት፣ ፈርተው እምቢ እንዳይሉ፣ ተቻኩለውም እሺ እንዳይሉ እመክርዎታለሁ። የምክትል ሼፍ ሥራ ከሚመስለው በላይ በሌሎች እጅ መታመን ነው። ኦገስት ኤስኮፊየ የተባሉት ታላቅ ፈረንሳዊ ሼፍ ከሚታወሱባቸው ነገሮች አንዱ የኩሽናን ሥራ በክፍል በክፍል አከፋፍለው ማደራጀታቸው ነው፤ ሾርባው የአንዱ፣ ጥብሱ የሌላው ሆኖ እያንዳንዱ በየቦታው ይቆማል። አሁን ባሉበት ሁኔታ የሁሉንም ሳህን ጠርዝ መወልወል ቢያምርዎ፣ የአንድ ሰው ሸክም የነበረው የመላው ኩሽና ይሆናል። ስለዚህ ለዋናው ሼፍ «ጥያቄዎ አስደስቶኛል፤ በሕክምና የምከታተለው ጉዳይ ስላለኝ ጥቂት ወራት ስጡኝ፣ ወይም በሙከራ ልጀምር» ሊሏቸው ይችላሉ። የሕመምዎን ስም የመንገር ግዴታ የለብዎትም፤ እንደሚረዱዎ ካመኑ ግን ስለ መዝጊያው ቢነግሯቸው፣ ሌሊት ደውለው ቢጠይቋቸው መልስ እንዳይሰጡዎ እሳቸውንም ማስማማት ይችላሉ። ወራቱን ከሰጡዎ በዚያ ጊዜ ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን የአንዱን ክፍል ዝግጅት ሙሉ በሙሉ ለዚያ ረዳት ይስጡትና፣ ሳህኑ እስኪወጣ ድረስ እጅዎን ሳያስገቡ ይቁሙ። እንዴት እንደሆነ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።